ሾዳን የትኛው ነው? የልጄ ካታ ተምታታ፣ ፈተናው እሁድ ነው!

የደሴዋ እናት (ሐሙስ ማታ 2:15)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። እሁድ ጠዋት የካራቴ ቀበቶ ፈተና አለው። ዛሬ ከልምምድ ሲመለስ እያለቀሰ ነው የገባው። "ሾዳን ስራ" ተባለ (ካታ ነው፣ በተርታ የሚሰራ እንቅስቃሴ)፣ ሰራ፣ መሃል ላይ አስቆሙት። "ይሄ ሾዳን አይደለም፣ ገና አልደረስክበትም" አሉት። ኮምቦልቻ እያለን ግን ሾዳን ብለው ያስተማሩት ይሄንኑ ነው! ሁለት ወር ሙሉ ሳሎን ውስጥ ወንበር እየገፋንለት አጥንቷል። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ፒናንና ሄያን የሚባሉት የካታ ስሞች አንድ ናቸው ይላል። ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ? በሁለት ቀን ምን ላድርግ?

የጦሳ ልጅ (2:21)
አብሽሪ እህቴ! ስታይሉ ምንድነው?

የደሴዋ እናት (2:22)
ካራቴ ነው።

የጦሳ ልጅ (2:24)
ካራቴ መሆኑንማ አወቅን የኔ እህት። ካራቴ ውስጥ ሾቶካን አለ፣ ዋዶ አለ፣ ሺቶ አለ፣ ጎጁ አለ። ልብሱ ደረት ላይ ምን አለበት?

የደሴዋ እናት (2:27)
አዲሱ ላይ ክብ ውስጥ ነብር አለ። የኮምቦልቻው ላይ ምንም የለም።

ሐይቅ ዳር (2:30)
አሰልጣኙ ጋ ደውለሽ ጠይቂው። አለቀ።

የደሴዋ እናት (2:32)
ደወልኩ፣ አያነሳም። ነገም ልምምድ የላቸውም።

መምህር ከወልድያ (2:51)
ክብ ውስጥ ያለ ነብር የሾቶካን ምልክት ነው። እህቴ፣ ነገሩ ከስር መሠረቱ ቢገባሽ ትረጋጊያለሽ ብዬ ትንሽ ላስረዳ። እነዚህን አምስት ካታዎች ያዘጋጀው ኢቶሱ የሚባል የኦኪናዋ ሰው ነው። ጊዜው በፈረንጆች 1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። ካራቴ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ለተማሪ የሚመጥን አጠር ያለ ነገር አስፈለገ። ስማቸው ፒናን ነበር። ሰላምና እርጋታ ማለት ነው። በኋላ ተማሪው ፉናኮሺ በ1922 ወደ ቶኪዮ ሄዶ ካራቴን ለጃፓኖች አሳየ፣ እዚያው ቀረ። ፒናን የሚለው ንባብ ለቶኪዮ ሰው ጆሮ ባዕድ ነበር። ስለዚህ ያንኑ ጽሑፍ በጃፓንኛው ንባብ ሄያን አለው። የሚጻፈው አንድ ነው፣ የሚነበበው ሁለት። ኢንተርኔቱ አልዋሸሽም። ግን ፉናኮሺ ስም ብቻ አይደለም የቀየረው...

ኩሚቴ ብቻ (2:58)
እኔ እስከ ዛሬ ካታ ሰው ሲያድን አላየሁም። አየር መምታት ነው። ልጁን ፍልሚያ አስተምሩት። ቀበቶ ለሱሪ ነው።

የጦሳ ልጅ (3:01)
ወንድሜ፣ የ11 ዓመት ልጅ እያለቀሰ ነው እኮ። የአንተን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

የቃሉ ልጅ (3:04)
እኔ ግን ሌላ ነገር ልበል። ልጁ አዲሱ ክለብ ከገባ ስንት ጊዜው ነው? ወር ካልሞላው ለምን ይፈተናል? ቀበቶ አይሸሽም። በሚቀጥለው ዙር ይፈተን። ቸኩላችሁ ልጁን አታሸማቁት።

የደሴዋ እናት (3:07)
ስድስት ሳምንት ሆኖታል። አብረውት የገቡት ሁሉ ይፈተናሉ። እሱ ብቻውን ሲቀር ማየት አልችልም ወላሂ።

ሐይቅ ዳር (3:09)
ጠዋት በአካል ሄደሽ አሰልጣኙን ጠይቂው።

ቡናማ ቀበቶ ኮምቦልቻ (3:26)
እማማዬ፣ ይሄንን ቀስ ብለሽ አንብቢው። መምህር ሳይጨርስ የተወው ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፉናኮሺ የመጀመሪያውን (ሾዳን) እና የሁለተኛውን (ኒዳን) ካታ ቦታ አቀያየረ። በድሮው አጠራር ፒናን ኒዳን የሚባለው በሾቶካን ሄያን ሾዳን ነው። ፒናን ሾዳን የሚባለው ደግሞ ሄያን ኒዳን ነው። ቀለል ያለውን ፊት አመጣው። የቀሩት ሦስቱ ቁጥራቸው እንዳለ ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻው አስተማሪ አልተሳሳተም። የደሴውም አልተሳሳተም። ልጁም አልተሳሳተም፣ ይሄን ንገሪው።

አሁን ልጁን ጥሪውና ሁለት ነገር እዪ። የሚሰራው ካታ ሲጀምር ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ወደ ላይ ይነሳሉ? ውስጡስ በእግር ምት አለ? ሁለቱም አዎ ከሆነ የሰራው የሾቶካኑን ኒዳን ነው። ሄያን ሾዳን ውስጥ አንድም የእግር ምት የለም። ሲጀምር ወደ ግራ ዞሮ በግራ እጁ ወደ ታች ይከላከላል፣ ከዚያ በቀኝ ገብቶ በቡጢ ይመታል።

የደሴዋ እናት (3:34)
አዎ! ሁለቱ እጁ ይነሳል! ምትም አለው! ታዲያ ሌላኛውን በሁለት ቀን ከየት ይማራል?

ቡናማ ቀበቶ ኮምቦልቻ (3:36)
ኮምቦልቻ "ኒዳን" የሚባል አስተምረውት ያውቃሉ? ጠይቂውና ተመለሺ። ብዙ ቦታ ከሾዳን በፊት ኒዳንን ያስተምራሉ።

የደሴዋ እናት (3:41)
መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው አለ! በፍጥነት ነው የሰራው! ያ አላህ!

ቡናማ ቀበቶ ኮምቦልቻ (4:02)
በቃ፣ ካታው እጁ ላይ አለ። የቀረው ማስተካከል ነው። በረንዳ ካላችሁ ሄዳችሁ በጠመኔ ረዘም ያለ ቀጥታ መስመር አስምሩ። በሁለቱም ጫፍ አግዳሚ አድርጉበት። መንገዱ ያ ነው። 21 እንቅስቃሴ አለው፣ አንቺ ቁጠሪለት።

መሃል መስመሩ ላይ ሲሄድ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ይከላከላል። ሦስተኛው ላይ ይጮሃል፣ ያ 9ኛው ነው። ሲመለስ ሦስት ቡጢ አለ። እዚያም ሦስተኛው ላይ ይጮሃል፣ 17ኛው ነው። ሁለቱን ጩኸት የረሳ ልጅ ፈታኝ ፊት ቶሎ ይታወቅበታል። ሲጨርስ የጀመረበት ነጥብ ላይ መቆም አለበት። ካልደረሰ አንዱ እርምጃ አጥሯል ማለት ነው።

ተጠንቀቁ፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ ይለያሉ። በለመደው አሰራር ሁለቱን እግር ከፍቶ ዝቅ ብሎ ወደ ታች ነው የሚከላከለው። በሾቶካን ግን ክብደቱን የኋላ እግሩ ላይ አድርጎ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ በመዳፉ ጠርዝ ነው። ሹቶ ኡኬ ይባላል። ነገ ሙሉውን ቀን እነዚህ አራቱ ላይ ብቻ ስሩ። ሌላው አቋቋም ነው። ሾቶካን ረጅምና ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቱን አጥፎ ይቁም።

የአምባሰል ልጅ (4:10)
ቆንጆ መልስ። እኔ ማሲንቆ ነው የምመታው፣ ካራቴ አላውቅም። ግን ባቲን የለመደ ጆሮ አምባሰል ሲመታ ወዲያው ይሰማዋል። ፈታኙም ልጁ ከሌላ ቅኝት እንደመጣ ያውቅለታል። ቅኝቱን ቀየረ እንጂ ዘፈን አልጠፋበትም።

ሳሮን ከሐይቅ (4:15)
ይቅርታ ጥያቄ ልጨምር። እኔ አረንጓዴ ቀበቶ ነኝ። ከሄያን በኋላ ምን ይመጣል?

መምህር ከወልድያ (4:22)
የቀለሙ ቅደም ተከተል ከክለብ ክለብ ይለያያል። የካታው ግን በሾቶካን እንዲህ ነው። አምስቱን ሄያን ትጨርሻለሽ። ከዚያ ተኪ ሾዳን ይመጣል፣ ወደ ጎን ብቻ ነው የምትሄጂው፣ ጭንሽን ያቃጥላል። ቀጥሎ ለቡናማና ለጥቁር ባሳይ ዳይ አለ፣ 42 እንቅስቃሴ ነው። አትቸኩይ። ሄያን ሾዳንን ጥቁር ቀበቶም ይለማመደዋል፣ እኔ ዛሬም ጠዋት ጠዋት እሰራዋለሁ።

ኩሚቴ ብቻ (4:30)
እሺ ተሸንፌያለሁ። ልጁ ጉልበቱን ይጠፍ። ፍልሚያ ላይም አቋቋም ያልያዘ ይወድቃል።

የደሴዋ እናት (ዓርብ ማታ 1:50)
ዛሬ ከጁምዓ በኋላ በረንዳው ላይ አሰመርን። አባቱ ይቆጥራል፣ እህቱ ትጮሃለች። አራቱ ላይ እጁ አሁንም ወደ ታች ይወርዳል። ስንት ጊዜ እንደደገምን አላውቅም። አሁን 7ኛው ላይ እንኳን አይሳሳትም፣ 18ኛው ላይ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ ያስባል።

ቡናማ ቀበቶ ኮምቦልቻ (ዓርብ ማታ 2:05)
ቆም ይበል፣ ችግር የለውም። ፈታኝ ፊት ቆም ብሎ አስቦ ትክክሉን የሰራ ልጅ ቸኩሎ ከተሳሳተው ይሻላል። ነገ አምስት ጊዜ ብቻ አሰሩት፣ ከዚያ ይረፍ። ደግሞ ጠዋት አሰልጣኙን ቀድማችሁ አግኙትና ከየት እንደመጣ ንገሩት። ሐይቅ ዳርም ልክ ነው።

ሐይቅ ዳር (2:07)
አልኩ እኮ!

የጦሳ ልጅ (እሁድ 6:40)
እህቴ፣ ልጁ እንዴት ሆነ? ፈተናው አልቋል አይደል?

ሳሮን ከሐይቅ (ሰኞ 3:10)
እኛም እየጠበቅን ነው።