ከጎንደር ወደ ስቮልቬር፦ ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ከጥምቀት በኋላ ልሄድ ነው

የአራዳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ነኝ። ቤታችን ከአራዳ ገበያ ዝቅ ብሎ ነው። ባለቤቴ ሰሜን ኖርዌይ፣ ሎፎተን ደሴቶች ላይ፣ ስቮልቬር የምትባል ከተማ ከገባ 4 ዓመቱ ነው። ዓሣ ፋብሪካ ይሠራል። የእኔና የልጃችን ወረቀት አለቀልን። ጥምቀትን እዚሁ አክብረን ጥር 15 እንበራለን።

ደስ ብሎኛል። ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ትልቁ ያየሁት ውሃ ጣና ነው፤ እሱንም ጎርጎራ ለንግሥ ስንሄድ። ባለቤቴ በቪዲዮ ሲያሳየኝ ከመስኮቱ ሥር ባሕር ነው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ዋና አይችልም። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዘለው የሚገቡትን ጎረምሶች እያየ «እኔም እዚያ ስሄድ እዘላለሁ» ይላል።

ሌላው ጨለማው ነው። ባለፈው እሑድ በቀትር ደወልን። ከኋላው መብራት በርቷል፣ ውጭው ጨልሟል። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ልጄ፣ እዚያ አገር ፀሐይዋ ምን ሆነች?» አለችው። ሊስቅ ሞከረ። ዓይኑ ግን አልሳቀም።

የከተማው ሰው 5 ሺህ ገደማ ነው ይላል። ሐበሻ በጣት ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ቡና ብቻዬን ጠጥቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ቦታ የኖራችሁ፣ መጀመሪያ ምን ያዛችሁ? ቅቤና ቋንጣስ ልያዝ? እናቴ 3 ኪሎ አንጥራ ጨርሳለች።

የአዘዞዋ፦

እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ እናት። እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። አሁን ያለሁት ካቤልቮግ ነው። ከስቮልቬር 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎረቤት ልንሆን ነው። እዚህ ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው።

ከቅቤው ልጀምር። ቅቤውንም ቋንጣውንም ተይ። የሥጋና የወተት ነገር ከአውሮፓ ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጉምሩክ ላይ ይወስዱታል፤ የእናትሽ ድካም ሲጣል ማየት ያማል። እኔ ደርሶብኛል። ይልቅ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና አብሽ በደንብ አድርቀሽ ያዢ። የዚህ አገር ቅቤ ጥሩ ነው። እዚህ ታነጥሪዋለሽ፣ ቤቱ አዘዞ አዘዞ ይሸታል።

ፀሐይዋ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ አትወጣም። በቀትር ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ብርሃን ይኖራል፣ ከዚያ ይጨልማል። የምትመለሰው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በኛ ገና ሰሞን ነው! በየዓመቱ ያስለቅሰኛል። አንቺ በጥር አጋማሽ ስትደርሺ ቀኑ እየረዘመ ነው፤ እንደኔ በጥቅምት አትገቢም። እኛ አገር ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ወጥታ 12 ሰዓት ላይ ትገባለች፤ ሰዓታችንም እሷኑ ተከትሎ ነው የሚቆጠረው። እዚህ ያ አይሠራም። እኔ ቀኑን በቁርስ፣ በምሳና በእራት አስሬ ነው የያዝኩት። አንድ ማንኪያ የዓሣ ጉበት ዘይት በየቀኑ ትወስጃለሽ፤ ለጾሙ የንስሐ አባትሽን ሳትሄጂ ጠይቂ።

ስለ ልጅሽ ግን እባክሽ ስሚኝ። ይህ ባሕር የፋሲል መዋኛ አይደለም። በበጋም ቀዝቃዛ ነው፤ ዋና የሚችል ሰው እንኳ ድንገት ሲገባበት ትንፋሹ ይቆረጣል። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ጠዋት የቆምሽበት ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ውሃ ውስጥ ነው። ወደቡ ጠርዝ ላይ ያለ ላይፍ ጃኬት እንዳይቆም። የኖርዌይ ልጆችም ይለብሳሉ፣ ማንም አያፍርበትም። ዋናውን ትምህርት ቤት ያስተምሩታል። ከዚያ ደግሞ ታያለሽ፣ በዓሣው ወራት የሰፈሩ ልጆች የኮድ ዓሣ ምላስ እየቆረጡ ራሳቸው ሸጠው ገንዘብ ይይዛሉ። የኔ ልጅ የመጀመሪያውን ብስክሌት የገዛው በዚያ ነው።

አሁን ስለ ቡናሽ። በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ናፍቆት ሲያንቀኝ ጥሬ ቡና ምጣድ ላይ አደረግሁ። ገና ሲንጣጣ የጭስ አላርሙ ጮኸ። ሕንፃው በሙሉ ጮኸ። በድንጋጤ ምጣዱን ይዤ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ከላይ ያሉት አሮጊት በቤት ጫማ ወርደው መጡ። ቋንቋ የለኝም። ፍሬውን አሳየኋቸው፣ አሸተቱት፣ ገብተው ተቀመጡ። አቦል ጠጡ። ቶና ጠጡ። በረካ ስቀዳ ሌላ ይፈልጉ እንደሆነ በእጄ ጠየቅኋቸው። አየር ወደ ውስጥ ስበው «ያ» አሉኝ። ልክ እኛ ትንፋሽ ስበን «እ» ብለን እሺ እንደምንለው! የሰሜን ሰዎች እንዲህ ነው አዎ የሚሉት። እንባዬ መጣ። እናቴን ያየሁ መሰለኝ።

እሳቸው ባይወርዱ ግን ማንም በሬን አያንኳኳም ነበር። ክፋት አይደለም፤ አንቺን ማስቸገር ስለሚፈሩ ነው። ስለዚህ አንቺ አንኳኪ። በግንቦት ከብሔራዊ በዓላቸው በፊት ዱግናድ የሚሉት አለ። የሕንፃው ሰው ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፣ ያጸዳል፣ ከዚያ አብሮ ይበላል። ደቦ ማለት ነው። እንዳትቀሪ። እኔ የሰው ስም ያወቅሁት መጥረጊያ ይዤ ነው።

ማራኪ ሰፈር፦

እህቴ፣ እኔ ደቡብ ኖርዌይ ባሕር ዳርቻ 11 ዓመት ኖሬ ተመልሼ አሁን ጎንደር ሱቅ አለኝ። የአዘዞዋ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር።

ቋንቋው ላይ አትደንግጪ። ክፍል ውስጥ «እኔ» ለማለት «ያይ» ብለሽ ትማሪያለሽ። ሰሜን ስትገቢ ሰዉ «ኤ» ይልሻል። «ምን» የሚለውም «ካ» ይሆናል። አልገባኝም ብለሽ ቤት እንዳትቀመጪ። መምህሯ የምታስተምርሽን ተናገሪ፣ የሰዉን ደግሞ ጆሮሽ ይለምደዋል።

ሁለተኛው ባለቤትሽ ነው። 4 ዓመት ብቻውን ነው የኖረው። ብቻውን መብላት፣ ብቻውን ዝም ማለት ለምዷል። እኔ ባለቤቴ ስትመጣ ሦስት ወር ያህል እንግዳ ነበርኩባት። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ ስልኬን ይዤ እቀመጥ ነበር። ጠላኝ ብላ ነበር፤ አልጠላኋትም። ማውራት ጠፍቶብኝ ነው። አትቸኩዪበት። በምሽት ውጡ፣ ዞር ዞር በሉ። በጨለማው ወራት ልብሳችሁ ላይ የሚያንጸባርቅ ነገር አድርጉ፣ መኪና እንዲያያችሁ። ከቅዳሜ ገበያ ጫማ ገዝተሽ አትሂጂ፤ በረዶው ላይ ያንሸራትትሻል። ጫማ ላይ የሚታሰር ብረት ጥርስ ያለው ነገር እዚያ ይሸጣል።

እርሾ፦

ጤፍ እንደልብ አይገኝም፣ ውድም ነው። የገብስ ዱቄት ግን በየሱቁ አለ፤ ከጤፍ ጋር ቀላቅዪው። ሊጡ በብርዱ እንቢ ካለሽ ምድጃው ውስጥ አስገቢና የምድጃውን መብራት ብቻ አብሪ። እሳት አታድርጊ። እስከ ጠዋት ይነሳል።

የአራዳዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ የአዘዞዋ፣ ጽሑፍዎን ለእናቴ አነበብኩላት። አሮጊቷ ትንፋሽ ስበው እሺ ያሉበት ላይ ስደርስ «እንግዲያ ሰዎች ናቸዋ» አለችኝ። ቅቤውን ለገናና ለጥምቀት ጎረቤት ሊበላው ነው። ኮሰረቱን ዛሬ ጣሪያ ላይ አስጥታዋለች።

ጋሼ ማራኪ፣ የባለቤቴን ነገር ማንም እንዲህ አልነገረኝም። ደጋግሜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የምንደርስ ቀን ባለቤቴ ፈረቃ ላይ ነው፤ የዓሣው ወራት ስለሆነ ፈቃድ አልሰጡትም። ከቡዶ ከተማ ወደ ስቮልቬር በመርከብ ይሻለናል ወይስ በአውሮፕላን?

የአዘዞዋ፦

በአውሮፕላን። በጥር ያንን ባሕር በመርከብ አትሻገሪው፤ ማዕበሉ ልጁን ያስጠላዋል፣ መጀመሪያ ቀን ላይ እንዲያ እንዲያውቀው አልፈልግም። ትንሿ አውሮፕላን ቶሎ ታደርሳችኋለች። በመስኮት በኩል አስቀምጪው።

የሚደርስበትን ሰዓት ላኪልኝ። አየር ማረፊያው አንድ ክፍል ያህል ነው፣ አንጠፋፋም። ለልጁ የሱፍ የውስጥ ልብስና ካፖርት ይዤ እመጣለሁ፤ የኔ ልጅ የጠበበው አለ። የእግሩን ቁጥር ጻፊልኝ።