ቃሊቲና ገላን ድንበር ላይ ባለ ፋብሪካ ማኅበር ለማቋቋም፦ አሠሪው መቼ ይወቅ?

ማጠንጠኛ (ጠያቂ)
ፋብሪካው ፕላስቲክ ነው፣ ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ፣ 140 ሠራተኛ አለው። ማኅበር የለውም። ፊርማ ማሰባሰብ በተጀመረ ሳምንት ለሁለት ሰው "አርፍደሃል" የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ፎርማኑ "ይሄ ፖለቲካ ነው፣ ፖሊስ ይመጣል" ይላል። ስንት ሰው ይበቃል? ወረቀቱ የት ይገባል? አሠሪው መቼ ይወቅ? ግማሹ ሠራተኛ የ3 ወር ውል ነው ያለው።

መዝገብ ቤት
ቁጥሩ ቀላል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ይቋቋማል፤ አባላቱ ከ10 አይነሱ እንጂ ግማሹን ሠራተኛ መያዝ ግዴታ አይደለም። ብዙ ፊርማ እንያዝ ሲባል ወር ሙሉ ከእጅ እጅ የሚዞር ዝርዝር ነው መጨረሻው ፎርማኑ ኪስ የሚሆነው። የሚታመኑ 20 ወይም 25 ሰዎች እሑድ ከግቢ ውጭ ይሰብሰቡና በአንድ ስብሰባ ይጨርሱት፦ መተዳደሪያ ደንቡ ይነበብ፣ ይጽደቅ፣ መሪዎች ይመረጡ፣ ቃለ ጉባኤው እዚያው ይፈረም። የሥራ መሪ ግን እንዳታስገቡ። መቅጠርና ማሰናበት የሚችል ሰው ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከተገኘ ለተቃውሞ በር ይከፍታል።

ለምዝገባ መተዳደሪያ ደንቡ፣ የመሪዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ ይቀርባል። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ተመለሱ። መዝጋቢው በ15 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ካላሳወቀ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል፤ 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ግን ከዚያች ማህተም ነው። ማህተም ከሌላችሁ "ማመልከቻ አልደረሰንም" ሲባል መልስ የላችሁም።

ድንበሩን አትገምቱ። ግቢው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ ሥራና ክህሎት ቢሮ ነው። ገላን ከሆነ ሸገር ከተማ ነው፣ ማለትም ኦሮሚያ፤ ያኔ ደንቡን በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁ። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ወረዳ እዩ እንጂ የታክሲውን ተራ አትመኑ።

አንቀጽ ቆጣሪ
መዝገብ ቤት ያለው ልክ ነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ፣ ሰው የሚባረረውም እዚያ ላይ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 26 በማኅበር አባልነት ወይም በመሪነት ምክንያት ማሰናበትን ይከለክላል፣ አንቀጽ 43 ደግሞ እንዲህ የተሰናበተ ወደ ሥራው ይመለስ ይላል። ግን የትኛው አሠሪ ነው ስንብቱ ላይ "በማኅበር ምክንያት" ብሎ የሚጽፈው? የሚጠቅሰው አንቀጽ 27ን ነው፦ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ ወይም 5 ቀን መቅረት። ሁለቱም አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋሉ። አሁን የተጻፉት ማስጠንቀቂያዎች የዚያ መንገድ ጠረጋ ናቸው። ሠራተኛው ሲቀበል "ደርሶኛል፣ አልስማማበትም" ብሎ ከነቀኑ ይጻፍበት፣ በስልኩም ፎቶ ያንሳው።

ችሎት ላይ ሠራተኛውን የሚጥለው የአሠሪው መከላከያ "ማኅበር መኖሩን አላውቅም ነበር" የሚለው ነው። ስለዚህ ማመልከቻው እስኪገባ ዝም፤ በገባበት ቀን ግን የመሪዎቹን ስም የያዘ ደብዳቤ ለድርጅቱ ይግባ። የድርጅቱ መዝገብ ቤት አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ። ከዚያ በ10ኛው ቀን የመጣ ስንብት ራሱ ይመሰክራል።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፣ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር። "ታገሡ፣ እናስተካክላለን" እየተባለ 3 ወሩ የሚያልቅበት ሰው ብዙ ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ይወስን ይላል፤ ቀጠሮው ግን ይረዝማል፣ ስንቅ ያዙ።

የ3 ወር ውል ያላቸውም አይስጉ አልልም፣ ግን አንቀጽ 9 እና 10ን ያንብቡ። ሥራው የዘወትር ከሆነ ወረቀቱ 3 ወር ቢልም ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል።

ጊዜ ቀጠሮ
ስለ ፖሊሱ። ፎርማኑ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ደርግ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አፍርሶ በ1969 የራሱን መኢሠማ (የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር) ተክሏል። ከደርግ በኋላም የመምህራን ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶ/ር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ታስረዋል፤ የአመራር አባሉ አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል። በሕግ ግን ማኅበር ማቋቋም ወንጀል አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሰጠው መብት ነው።

ለመታሰር ሰበብ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ድንገት ማሽን ማቆም። አድማ ሕጋዊ የሚሆነው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው አባል በተገኘበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ሲደገፍና ለአሠሪውም ለመንግሥትም የ10 ቀን ማስታወቂያ ሲሰጥ ነው። ሌላው ቴሌግራም ነው። በአዋጅ 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት ያሳስራል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት። "ሰው ሞተ" የምትል ያልተጣራች ወሬ ግሩፕ ላይ አትለጠፍ። ለጋዜጠኛም ወሬ ሳይሆን ማህተም ያለው ኮፒ ስጡ። የሚዲያ አዋጁ 1238/2013 በሚዲያ ሥራ የተጠረጠረን ጋዜጠኛ ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ክስ ይቅረብበት ይላል፤ መርማሪ ጉዳዩን "ሁከት ማነሳሳት" ካለው ግን ያ ከለላ አይሠራም።

ሰው ከተያዘ ሰዓቱን ጻፉ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ሰውየውን አስሮ ለመመርመር ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፣ ዋስትናም በየቀጠሮው ይጠየቅ። ቃል ያለመስጠት መብት አለው። ፍርድ ቤት ካልቀረበ ቤተሰብ ወይም ጠበቃ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ የታሰረውን አቅርቡ ብሎ እንዲያዝ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ያስገባ።

ማጠንጠኛ
ተባረኩ። በኤጀንሲ የመጡትስ? ጫኝና አውራጆቹ ውላቸው ከኤጀንሲው ጋር ነው።

መዝገብ ቤት
ለመነሻው 10 ሰው ከፋብሪካው ጋር በቀጥታ የተዋዋሉትን ብቻ ያዙ። "አሠሪያቸው እኔ አይደለሁም" የሚል ተቃውሞ ገና በምዝገባው ላይ እንዳይመጣ።