ፍሬሾችን ስሜት አያያዝ ማስተማር፣ ምን ሰርቶላችኋል?

የከዚራዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ እዚህ ድሬ ግቢያችን ውስጥ ለፍሬሽ ተማሪዎች ስለ ስሜት አያያዝ ስልጠና ስጡ ተብለናል። አምና አዳራሽ ሞልተው ስላይድ ብቻ ነበር፣ ትርጉም ጥቅም ዓይነት ምናምን፣ ልጆቹ ግማሹ ቴሌግራም ላይ ግማሹ እንቅልፍ፣ ሙቀቱ ደግሞ አለ። ላይፍ ስኪል ያለበትን የሳይኮሎጂ ኮርስ እኮ ሁሉም ይወስዱታል፣ ለፈተና ሸምድደው ዶርም ሲገቡ ለአንድ ባልዲ ውሃ ይደባደባሉ። ሀሳብ ያላችሁ?

የሳቢያን ልጅ፦
አቦ ስላይዱን ተዪው! ስምንት ስምንት አድርጊያቸውና የዶርም ጸብ ይተውኑ። ለምሳሌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አንዱ ስፒከር ከፍቶ ከቤተሰብ ያወራል፣ ሌላው ነገ ሚድ አለበት። መጀመሪያ እንደለመዱት ይሰዳደቡ፣ በሳቅ ይሞታሉ። ከዛ ያው ልጅ ስድቡን ትቶ «ነገ ፈተና አለብኝ፣ ፈርቻለሁ፣ እባክህ ውጪ አውራ» ይበል። ተናድጃለሁ የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ የፈራ ልጅ ነው፣ ይሄን ሲተውኑት ራሳቸው ያዩታል።

ካውንስለር ነኝ፦
እስማማለሁ። የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎቹ ሳሎቬይና ሜየር በ1990 እ.ኤ.አ. ኢሞሽናል ኢንተለጀንስን (የስሜት ብልህነትን) ሲያቀርቡትም ስሜትን መለየት፣ መግለጽ፣ መቆጣጠርና መጠቀም ብለው እንደ ችሎታ ነው፣ ችሎታ ደግሞ ካልተለማመዱት አይመጣም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ግን አታድርጉት፣ ሬጅስትራርና ዶርም ሲሯሯጡ ማን ይሰማል? የሚድ ውጤት ሲለጠፍ አድርጉት፣ ከክፍል አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ 11 ከ30 የሚያየው ያኔ ነው። አተነፋፈስም አስለምዷቸው፣ ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን ማርዘም፣ የልብ ምት ቀስ ይላል። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያለው ወይ መኖር አስጠላኝ የሚል ልጅ ካለ ግን የስልጠና ጉዳይ አይደለም፣ ይዛችሁት ወደ ባለሙያ ሂዱ፣ ብቻውንም አትተዉት።

ፍሬሽ ከደጋ፦
እኔ ራሴ ፍሬሽ ነኝ። ማታ በሙቀት ዓይኔን ሳልከድን ላደርኩት ልጅ ጠዋት «ስሜትህን ተቆጣጠር» ማለት ትንሽ ያስቃል ሃሃ፣ መጀመሪያ ቬንትሌተር። ሌላው ቋንቋ ነው፣ ዶርማችን ውስጥ አማርኛ የማይቀናቸው አሉ፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይተውኑ፣ አለዚያ ዝም ብለው ተቀምጠው ነው የሚወጡት።

የከዚራዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ቋንቋውን ጭራሽ አላሰብነውም ነበር። ከሚድ በኋላ እናደርገዋለን፣ በየክፍሉ። ዶርም የሚቆጣጠሩት ፕሮክተሮችም አብረው ቢቀመጡስ?

የሳቢያን ልጅ፦
ኧረ በናትሽ፣ ፕሮክተር ባለበት ማን አፉን ይከፍታል!