ፍሬድሪክ ዳግላስን በጋዜጠኝነቱ፦ የወጣቶች ጉብኝት የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን። ለየካቲቱ የወጣቶች ጉብኝት የምናቀርበውን ሐሳብ በዚህ ሳምንት መጨረስ ይኖርብናል። የእኔ መነሻ ይህ ነው፦ ልጆቹን ዋሽንግተን ውስጥ አናኮስቲያ ሠፈር ወደሚገኘው ወደ ጥቁር አሜሪካዊው የፀረ ባርነት ታጋይ ወደ ፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት፣ ወደ ሲዳር ሂል እንውሰድ፤ በስሙ የተሰየመውንም ድልድይ አሳይተን እንመለስ።

የትምህርት ክፍል፦ ጋሼ፣ ቤቱ ይሁን። ድልድዩን ግን ልጆቹ ዘወትር ያቋርጡታል፤ ታክሲ የሚነዱት አባላትማ በቀን ስንት ጊዜ! እ.ኤ.አ. በ1965 ስሙን ያገኘው ድልድይ በ2021 በአዲስ ሲተካ ስሙም አብሮ ተሻግሯል። ሮቸስተር የአውሮፕላን ማረፊያዋን፣ ሃርለም ሰፊ ጎዳናዋን በዳግላስ ስም ጠርተዋል። ከባርነት ማምለጡንና አንደበተ ርቱዕነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ጋዜጣ አዘጋጅና አሳታሚ እንደነበረ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ጉብኝቱ በዚህ ላይ ቢያተኩር?

ጸሐፊ፦ ደግፌአለሁ። በታኅሣሥ 1847 ሮቸስተር ላይ «ኖርዝ ስታር» የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምር የማተሚያውን ገንዘብ ያዋጡለት የብሪታንያ ወዳጆቹ ነበሩ። የዓመት ደንበኝነቱ 2 ዶላር ነበር። «መብት ጾታ የለውም፤ እውነት ቀለም የላትም» የሚለው የጋዜጣው መፈክር ለልጆቹ ውይይት ይበቃል። ልጁ ሉዊስ በአባቱ ማተሚያ ቤት ፊደል መልቀም፣ ማለትም ለኅትመት የብረት ፊደላትን መደርደር ተማረ። በ1869 በመንግሥት ማተሚያ ቤት ሲቀጠር ግን የዋሽንግተን ፊደል ለቃሚዎች ማኅበር አባል አላደርግህም አለው። ይህ ታሪክ ከማንኛውም ሐውልት ይልቅ ያስተምራል።

ገንዘብ ያዥ፦ ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ኪሳራውም ይነገር እላለሁ። በዋሽንግተን ያሳተመው «ኒው ናሽናል ኢራ» ጋዜጣ በ1874 ተዘጋ፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ሺህ ዶላር እንዳስወጣው ራሱ ጽፏል። በዚያው ዓመት ፕሬዝዳንት ሆኖ የተሾመበት፣ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች የተቋቋመው ፍሪድማንስ ባንክም ወደቀ። ልጆቹ የሚያውቁት የድል ታሪኩን ብቻ ከሆነ ግማሹን ሰው አላገኙትም። የነሐስ ሰሌዳ እናሠራ የሚለውን የቀደመ ሐሳብ ግን እቃወማለሁ፤ ውድ ነው፣ አንባቢም የለውም።

የሴቶች ክፍል፦ ስለ ቤቱ ስታወሩ ሔለን ፒትስን አትርሱ። ዳግላስ በ1895 ሲሞት ቤቱን ከመሸጥ አድና፣ በ1900 መታሰቢያ ማኅበር እንዲቋቋም ያደረገች ሚስቱ ናት። ከእርሷ በኋላ ዕዳውን የከፈለው የጥቁር ሴቶች ክበባት መዋጮ ነው፤ እንደ እኛ ማኅበር ከየቤቱ እየተለቀመ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የተረከበው በ1962 ነው። ሌላም አለ፦ ቤቱን የሠራው ሰው ሠፈሩን ሲመሠርት ለጥቁሮች እንዳይሸጥ የከለከለው ራሱ ነበር። ዳግላስ ያንኑ ቤት በ1877 ገዛ! ይህ በአስጎብኚው ንግግር ውስጥ መግባት አለበት።

የወጣቶች ተወካይ፦ ኢትዮጵያዊውን ዶክተር መላኩ በያንንም እንጨምር። እዚሁ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውዮርክ ላይ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቁመው «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣ ያወጡ ነበር። ዳግላስ ደግሞ ከ1871 ጀምሮ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የባለአደራ ቦርድ አባል ነበር።

የትምህርት ክፍል፦ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ግን አናጋነው። ዳግላስ ሲሞት ዶክተር መላኩ ገና አልተወለዱም፤ አንዱን የሌላው ደቀ መዝሙር ማድረግ አይገባንም። ሃዋርድ ግቢ በዳግላስ ስም የተሰየመው አዳራሽ ፊት ቆመን ስለ ሁለቱም ጋዜጦች ብንናገር ይበቃል።

ሰብሳቢ፦ ተስማማን። የጋራው ሐሳብ እንዲህ ይጻፍ፦ ጠዋት ሲዳር ሂል፣ ከሰዓት በኋላ ሃዋርድ፤ ድልድዩን በመንገዳችን እናልፈዋለን፣ አንቆምም። ከጉብኝቱ በኋላ ልጆቹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አራት ገጽ ጋዜጣ ያዘጋጃሉ፤ ስሙን እነርሱው ያውጡለት። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በምግብ ቤቶች ይታደላል። የአዋቂ እርማት ለፊደል ግድፈት ብቻ ነው፤ አስተያየታቸውን የሚያለሳልስ እንዳይኖር።

የሴቶች ክፍል፦ ማኅበሩን ቢተቹስ?

ሰብሳቢ፦ ይታተማል።

ጸሐፊ፦ ቤቱ የሚጎበኘው በአስጎብኚ፣ በትንንሽ ቡድን ነው። ቦታ እንዳይሞላብን የልጆቹን ቁጥር እስከ ዓርብ አሳውቁኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የኅትመቱን ዋጋ ከሁለት ማተሚያ ቤቶች እጠይቃለሁ። ባለ ቀለም ፎቶ የሚፈልግ ካለ መዋጮውን አብሮ ያምጣ።