የእናቴን ስፌት በኢንተርኔት መሸጥ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የፔዳ ሰፈር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው። ዘንድሮ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። እናቴ ስፌት ትሰፋለች። መሶብ፣ ሌማት፣ ሰፌድ፣ ሙዳይ፤ ያልሠራችው የለም። እስካሁን የምትሸጠው ለጎረቤትና ቅዳሜ ገበያ ለሚረከቧት ነጋዴዎች ነው። የሚሰጧት ዋጋ ልፋቷን አይመልስም። ስልክ ይዤ ቤት ተቀምጬ ይህን ዝም ብሎ ማየት ከበደኝ።

ስለ ዲጂታል ማርኬቲንግ ማንበብ ጀመርሁ። ባነበብሁ ቁጥር ግራ ገባኝ። አንዱ መጀመሪያ ዌብሳይት አሠራ ይላል። ሌላው ኮርሴን ግዛ ይላል። ሌላው ቴሌግራም ቻናል ከፍተህ 10 ሺህ ሜምበር በገንዘብ አስገባ ይላል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ስፌቱን ተወው፣ ሰው አስመዝግብ፣ በየሰዉ ኮሚሽን አለው» እያለ ይጎተጉተኛል። ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው። የሠራችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

የጋቢ ነጋዴዋ

ወንድም ዓለም፣ እንኳን ለምረቃህ አበቃህ። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ። ጋቢና ነጠላ በቴሌግራምና በፌስቡክ እሸጣለሁ፤ ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

የጓደኛህን ነገር ቶሎ እንለፈው። ገቢው የሚመጣው ሰው ከማስመዝገብ ከሆነ ፒራሚድ ነው። በሕግም የተከለከለ ነው። መጨረሻ የገባው ሰው ገንዘብ ለፊተኞቹ ይከፈላል፤ መጨረሻ የሚገባው ደግሞ የአክስትህ ልጅ ወይም የሰፈርህ ሰው ነው። እምቢ በለው።

ኮርሱንም ለጊዜው ተወው። ጉግልም የፌስቡክ ባለቤት ሜታም ለጀማሪ የሚሆን ትምህርት በነጻ አስቀምጠዋል። ዌብሳይትም ይቆይ። አሁን አንድ ደብተር ግዛ። የወረቀት ደብተር ነው የምልህ። በአንድ በኩል ሰው የሚጠይቅህን ጥያቄ ሁሉ፣ እንዳለ፣ በራሱ አነጋገር ጻፍ። በሌላ በኩል የገዛህን ሰው ጻፍ፦ ስም፣ ስልክ፣ ምን ገዛ፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ። ይኸው ነው። በዚህ ሥራ ላይ የማውቀው ነገር አብዛኛው ከዚህ ደብተር የወጣ ነው።

ለምን መሰለህ? ጀማሪ ሁሉ «ምን ልለጥፍ?» እያለ ይጨነቃል። ምን እንደምትለጥፍ የሚነግርህ ገዢው ነው። ስለ ጋቢ የሚጠይቀኝ ሰው ቆንጆ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ቆንጆነቱን ፎቶው ላይ አይቶታል። የሚጠይቀኝ ማጉ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል ወይ፣ ለረጅም ሰው ይበቃል ወይ፣ ጥለቱ ቀለም ይለቃል ወይ ብሎ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፖስት ነው። የጥለቱ ጥያቄ ደጋግሞ ሲመጣብኝ ነጠላውን በነጭ ሳፋ ውስጥ አጥቤ ውሃውን በቪዲዮ አሳየሁ። ምንም ሙዚቃ የለው፣ ምንም ጌጥ የለው። ደንበኞቼ እርስ በርስ የሚላላኩት ግን እሱን ነው።

የእናትህን መሶብ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚጠይቅ ከአሁኑ መገመት ትችላለህ። ስፋቱ ስንት ነው? የቤታችን እንጀራ ሳይታጠፍ ይገባል? አለላው (በቀለም የተነከረው ሣር) ቀለም ይለቃል? ስንደዶ (የስፌት ሣር) ነው ወይስ ውስጡ ሌላ ነገር አለው? ክዳኑ ይገጥማል? ለሠርግ ቀን ይደርሳል? ብል እንዳይበላው ምን ላድርግ? የመጨረሻውን እናትህ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስትመልስ ቅረጻት። ፊቷን ማሳየት ካልፈለገች እጇ ብቻ ይበቃል። አለላ ስትነክር፣ ወስፌዋን ይዛ ስትሰፋ፣ ቀለም ስትመርጥ፤ ሰው ይህን ተቀምጦ ያያል። እሷ ፈቅዳ ይሁን ብቻ።

አሁን ዋጋ። እባክህን «ዋጋ በኢንቦክስ» አትበል። ይህ ልማድ ምን ያህል ገዢ እንደሚያባርር ብታውቅ! ሰው ዋጋ ለማወቅ የማያውቀውን ሰው ማነጋገር አይወድም። እንደየመልኬ ሊጠራብኝ ነው ብሎም ይጠረጥራል። ዋጋውን፣ ልኬቱን፣ የማድረሻውን ሒሳብ ፎቶው ሥር በግልጽ ጻፍ። ውድ ነው ብሎ የሚያልፍህ ሰው ኢንቦክስም ቢገባ አይገዛህም ነበር። የቀረው ግን ዋጋውን አውቆ ነው የሚደውልልህ።

ፎቶ ላይም አንድ ነገር ልበልህ። እዚህ ከተማ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ዕቃውን ጣና ዳር ወስዶ ያነሣል። ያምራል፤ እኔም አንዳንዴ አደርገዋለሁ። ገዢው ለመወሰን የሚፈልገው ግን ሌላ ነው። መሶቡን ከፍቶ ውስጡን ማየት ይፈልጋል። ገልብጦ ግርጌውን ማየት ይፈልጋል፤ የስፌቱ ጥራት እዚያ ስለሚታወቅ። አጠገቡ ሰው ቆሞ ትልቅነቱን ማየት ይፈልጋል። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ባለው ብርሃን በረንዳ ላይ አንሣው። ፊልተር አትጨምርበት፤ ቀዩ አለላ ፎቶው ላይ ብርቱካን መስሎ ከታየ ገዢዋ ሲደርሳት ትመልስልሃለች፤ እውነትም አላት።

የት ልለጥፍ ላልኸው፣ ለማያውቅህ ሰው ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ፣ ላወቀህ ሰው ቴሌግራም። ፌስቡክ ገጽህን ለወደዱት ሁሉ ፖስትህን አያሳይም፤ እሱ መርጦ ነው የሚያሳየው። የቴሌግራም ቻናል ግን የለጠፍኸውን ለተመዘገበው ሁሉ ያደርሳል። ሜምበር መግዛት ግን አይጠቅምም፤ የተገዛ ሜምበር አያነብብህም። ከየፖስቱ ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ተመልከት። 10 ሺህ ሜምበር ያለው ቻናል ላይ 90 ሰው ብቻ ያየው ፖስት ካገኘህ የቀረው ሜምበር እንደሌለ ቁጠረው። ገዢም ይህን ያያል፤ አይቶም ይሸሻል።

የሰው ስልክና ኢሜይል ዝርዝር እንሽጥልህ የሚሉህም ይመጣሉ። አትግዛ። ሳያስፈቅዱ የማስታወቂያ ኢሜይል መበተን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተከለከለ ነው። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከሕጉም በላይ፣ ሳይጠይቅህ መልእክት የላክህበት ሰው ብሎክ ነው የሚያደርግህ። ሲገዛህ «አዲስ ሲወጣ ልንገርዎት?» ብለህ ጠይቀው። እሺ ያለህን ደብተሩ ላይ ምልክት አድርግበት።

ስለ ደብተሩ ይህን ያህል የምወተውትህ ምክንያት አለኝ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ እዚሁ ነበርሁ። ቻናሌን መክፈት አልችልም፤ ገጼን ማየት አልችልም። ተከታዮቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ቀሩ። ስልክ ሲሠራ ግን ከደብተሩ እያየሁ ደወልሁ። «አለሁ፤ ጋቢ ካስፈለገዎት በዚህ ቁጥር ይደውሉ» አልሁ። በመልእክትም ጻፍሁ። አዲስ አበባ ያሉት ደንበኞቼ ለዘመዶቻቸው ነገሩልኝ። ሸማኔዎቼ ሥራ አልፈቱም። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ተከታይ ያለህ የመሰለህ ሁሉ የራስህ አይደለም። ስልኩን የሰጠህ ሰው ግን አለህ።

ጀልባና ጉዞ

እህታችን የጻፈችው ላይ ትንሽ ልጨምር። እኔ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች ገዳማት ነው የምወስደው። ጥያቄውን ቀድሞ መመለስ ያለችው በእኛም ሥራ ያው ነው። ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። ይህን ቀድመህ ካልጻፍህ ባልና ሚስት ይዘህ ሄደህ ሚስቲቱ ጀልባ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ገና ከመነሻው እጽፈዋለሁ፤ ሁለቱም የሚገቡበትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትንም አብሬ እጠቁማለሁ።

ጢስ ዓባይም እንዲሁ ነው። የኃይል ማመንጫዎቹ ውሃውን ስለሚወስዱት በበጋ ፏፏቴው በጣም ይቀንሳል። የመስከረምን ፎቶ ለጥፎ በመጋቢት እንግዳ መውሰድ ማታለል ነው። እኔ የየወሩን ፎቶ በየወሩ ነው የምለጥፈው። በመጋቢት የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያይ አውቆ ይመጣል፤ ሲመለስም ጥሩ አስተያየት ይጽፍልኛል።

አንተ ደግሞ እናትህ የምትሠራበትን ቦታ ጉግል ማፕ ላይ አስመዝግብ። በነጻ ነው። ባሕር ዳር መጥቶ «የባህል ዕቃ የት ይገኛል» ብሎ የሚፈልግ ሰው ያገኝሃል። ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍ። የገዛህን ሰው አስተያየት እንዲጽፍልህ ለምነው። ዘመድ አታስጽፍ፤ ያስታውቃል።

ማስታወቂያ ሠሪው

በአብዛኛው እስማማለሁ። በአንድ ነገር ግን እህቴ ትታገሰኝ። ያለ ክፍያ ብቻ መሄድ ለጀማሪ ይዘገያል። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ቢሞክር አይከፋም። መቼ እንደሚከፍል ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ በነጻ ለጥፍ። ሰው «ስንት ቀን ይፈጃል?»፣ «አዲስ አበባ ይደርሳል?» እያለ የጠየቀበትን ፖስት ምረጥ። ገንዘብህን እሱ ላይ አድርግ። ማንም ያልጠየቀበት ፖስት ተከፍሎበትም ማንም አይጠይቅበትም።

ለሁሉም ሰው አታሳየው። ከተማ ምረጥ፣ ዕድሜ ምረጥ። መሶብ የሚገዛው አዲስ ቤት የመሠረተ፣ ልጁን የሚድር ወይም ውጭ አገር ያለ ሰው ነው። ሁለት ፎቶ በእኩል ገንዘብ ሞክርና የተሻለውን አስቀጥል። ላይክ አትቁጠር። ያወጣኸውን ገንዘብ ለገዙህ ሰዎች አካፍል፤ አንድ ገዢ ለማግኘት ስንት እንደወጣ ታውቃለህ። ከአንድ መሶብ ትርፍ ከበለጠ አቁመው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ክፍያው ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ስለሚጠይቅ ብዙ ሰው በሌላ ሰው ያስከፍላል። ለዚያ ሰው የይለፍ ቃልህን አትስጥ። ገጹ ላይ ማስታወቂያ ብቻ የሚሠራበትን ፈቃድ ለይተህ መስጠት ትችላለህ። ገጻቸውን በዚህ የተነጠቁ ሰዎች አውቃለሁ።

የጋቢ ነጋዴዋ

ትክክል ነህ ወንድሜ፤ የተጠየቀበትን ፖስት ነው ማስተዋወቅ። እኔም የምከፍለው ከበዓላት በፊት ለዚያ ዓይነቱ ብቻ ነው።

የፔዳ ሰፈር ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብሁላት። «እቺ ሴትዮ ልጄ ትሁን» አለች ስለ ጋቢ ነጋዴዋ። ከዚያ ግን ያላሰብሁትን ጠየቀችኝ። አንድ ትልቅ መሶብ ብዙ ሳምንት ይወስድባታል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያዝዝ ምን እናደርጋለን? ዋጋውንስ እንዴት እንተምን? እስካሁን ነጋዴው የሰጣትን ነው የምትቀበለው።

የጋቢ ነጋዴዋ

ለእናታችን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጥያቄዋ ከሁላችን ምክር ይበልጣል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ማስታወቂያው ከሠራ በኋላ ነውና።

በትልቁ መሶብ አትጀምር። በሙዳይና በሰፌድ ጀምር። ቶሎ ያልቃሉ፣ ለመላክ ቀላል ናቸው፣ ዋጋቸውም የማያውቅህን ሰው አያስፈራም። ሙዳይ የገዛች ሴት ስፌቱን በእጇ አይታ መሶብ ታዝዛለች።

ለመሶቡ ወረፋ ክፈት። «አሁን የሚያዝዝ ሰው በዚህ ወር ይደርሰዋል» ብለህ ቻናሉ ላይ በግልጽ ጻፍ። ወሩን እናትህ ትናገር፤ አንተ እንዳትናገር። እሷ ካለችው ላይ ትንሽ ጨምርበት። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ልቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበል፤ ቀሪው ሲደርስ። ቀብድ የከፈለ ሰው ይጠብቃል። በየመሃሉ ደግሞ የደረሰበትን ፎቶ ላክለት። «ይኸው የእርስዎ መሶብ ወገቡ ላይ ደርሷል» ሲባል ሰው እንዴት ደስ እንደሚለው! ወረፋው ከሞላ ሞልቷል በል። ቶሎ ለማድረስ ብለህ ሌላ ሰው የሰፋውን የእናቴ ነው ብለህ አትሽጥ። ሌሎች ሴቶች ከገቡበት የእነሱንም እጅ አሳይ።

ዋጋውን እንዲህ አስላ። ስንደዶው፣ አለላው፣ ቀለሙ ስንት እንደወጣበት ጻፍ። ከዚያ የሠራችበትን ሰዓት ጻፍ። እናቶቻችን ይህን አይቆጥሩትም፤ «ቤት ተቀምጬ የሠራሁት ነው» ይላሉ። አንተ ቁጠርላት። ለአንድ ሰዓት ስንት ይገባታል ብለህ ከእሷ ጋር ተነጋገር። ማሸጊያና ማድረሻ ለብቻ ይሁን። የወጣው ዋጋ ነጋዴው ከሚሰጣት በጣም ቢበልጥ አትደንግጥ። ነጋዴውን ግን በአንድ ቀን አታስቀይሙት። ክረምት ላይ የሚገዛት እሱ ነው፤ የኢንተርኔቱ ሽያጭ በእግሩ እስኪቆም ድረስ ትንሽ ትንሽ ስጡት።

ለመጀመሪያው ፖስት ቤት ውስጥ ካለው አንዱን ሙዳይ አንሣ። ከላይ፣ ከውስጥ፣ ከግርጌ። ስፋቱንና ከፍታውን በሳንቲሜትር ለካ። የክዳኑን ከፍታ ለብቻው ጻፍ፤ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።