ለሐይቅ የምትሆነን ጀልባ፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንጻፈው

ጸሐፊ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ላይ ለሚያጠምዱት የማኅበራችን አጥማጆች ጀልባ እንደምንገዛ ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል፣ የቀረው ምን ዓይነት የሚለው ነው። ወረዳው ጋ በምናስገባው ፕሮፖዛል ላይ «አንድ ጀልባ» ብለን ብቻ ከጻፍን ያመጡልንን ከመቀበል ውጪ ምርጫ የለንም። ስለዚህ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ከምን እንደሚሠራና ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው እዚሁ ተነጋግረን እንጻፍ።

እኔ መነሻ ላስቀምጥ፣ እናንተ ቆራርጡት። 6 ሜትር ፋይበር ግላስ፣ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያለው። ማለዳ የተነሳው ዓሣ ቶሎ ዳር ከደረሰ ቶሎ ደሴና ኮምቦልቻ ይገባል። ጾም ሲይዝ ስልካችን እንዴት እንደሚጨናነቅ ታውቃላችሁ። ወሎ ላይ ደግሞ ዓሣ ማለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ትሪ የሚበላው ነው፣ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅበትም። ገበያው አለ። ጎድሎ ያለው ጀልባው ነው።

መረብ ጣይ (ሐይቅ)

ልጄ ሐሳብህ ደግ ነው፣ ግን ከፍጥነቱ ጀመርክ። እኛን የሚያስቸግረን መንገዱ አይደለም፣ መረቡ ላይ ስንደርስ ያለው ሥራ ነው።

እስቲ ላስረዳችሁ። ሁለት ሰው ነው የሚወጣው። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ጎን ላይ አጎንብሶ መረቡን ይስባል። የራሰ መረብ ከባድ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲያዝ የጀርባው እሾህ ክሩ ውስጥ ይገባና አንዱን ለማላቀቅ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም በጥርስ ትይዘዋለህ። አምባዛ ከሆነማ ይተጣጠፋል፣ መረቡንም አብሮ ይጠመዝዘዋል፣ ያኔ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ጥሎ ሊያግዝ ይመጣል። አያችሁ? ሁለት ሰው ባንድ ጎን ሆነ። ጠባብ ጀልባ ከሆነች እዚያው ላይ ታዘነብላለች። እኔ የምፈልጋት ሁለታችን ባንድ ጎን ብንደገፍባት የምትችለንን ነው።

ሌላም አለ። ውስጧ ላይ የወጣ ሚስማርም ሆነ የብሎን ራስ መኖር የለበትም። መረብ የሚቀደደው ውሃ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ጀልባው ውስጥም ነው።

ሂሳብ ያዥ (ደሴ)

ሐጂ እውነትዎን ነው። ሞተሩን በተመለከተ እኔም አልስማማም። መግዣው አንድ ጊዜ ነው፣ ቤንዚኑና መለዋወጫው ግን በየወሩ ነው። ቤንዚን የጠፋ ቀን ሞተር ለምዶ የተቀመጠ ሰው ሥራ ይፈታል። ኋላዋን ሞተር እንድትችል አድርገን እናሠራት፣ ሞተሩን ግን ከዘንድሮ ሂሳብ እናውጣው። ጸሐፊያችን ቅር እንዳይልህ።

አባል (ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ማዶ)

እኔ ደግሞ ወንድሜ ካናዳ ስለሚኖር እዚያ ያለውን ጠይቄው ነበር። እዚያ በወንዝና በሐይቅ ዳር ወጥመድ እያኖሩ ቢቨር የሚይዙ ሰዎች አሉ። ቢቨር በጥርሱ ግንድ ቆርጦ ወንዝ የሚገድብ የውሃ እንስሳ ነው፣ ከድሮ ጀምሮ የሚፈለገው ለቆዳውና ለጸጉሩ ነው። ጸጉሩ የሚወፍረው ብርድ ሲገባ ስለሆነ በታንኳ የሚሠሩት ክረምታቸው ሊገባ ሲል፣ ውሃው ወደ በረዶ ሳይለወጥ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ታንኳ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት አለመገልበጧን ነው።

ፈጣኗ ታንኳ ጠባብና ሆዷ ክብ ያለ ናት። ወጥመድ የሚያኖር ሰው ግን እሷን ትቶ ሰፊና ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነችውን ይወስዳል፣ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 5 ሜትር። የብረት ወጥመዱን ይጭናል፣ ሲመለስ ከነውሃው ያደነውን ይጭናል፣ ዳር ሲደርስም ተንበርክኮ በሁለት እጁ ወደ ውጭ አጎንብሶ ይሠራል። ሐጂ የነገሩን አሠራር ማለት እኮ ነው! ሞተር የሚፈልጉት ደግሞ ኋላዋ ሹል ያልሆነ፣ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ታንኳ ይገዛሉ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ 5 ሜትር፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ኋላዋ ቀጥ ያለ። እንደነሱ ከአሉሚኒየም ብትሆን ደግሞ ቀላል ናት፣ ዝገትም አትፈራም።

ብየዳ ሠሪ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ስለቅርጿ ያልከው ልክ ነው። ስለ አሉሚኒየሙ ግን ቆም በል። እነዚያ ሰዎች ቀላል ታንኳ የሚፈልጉት ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው በትከሻ ተሸክመው ስለሚሻገሩ ነው። የኛዋ አንዴ ሐይቅ ከገባች ከዚያ አትወጣም። ለማንሸከመው ክብደት ለምን እንከፍላለን?

አሉሚኒየም በተራ ብየዳ አይያዝም፣ አርጎን በሚባል ጋዝ የሚሠራ ብየዳ ይፈልጋል። ብትሰነጠቅ አይሱዙ ተከራይተን፣ ደሴን አቋርጠን፣ ሐረጎን ወርደን እኔ ጋ ኮምቦልቻ ልናመጣት ነው። የብረት ላሜራ ከሆነች ግን ሐይቅ ከተማ ውስጥ በር የሚበይድ ልጅ ኤሌክትሮዱን ይዞ መጥቶ ዳር ላይ ይጠግናታል፣ በማግሥቱ ሥራ ላይ ናት። ፋይበር ግላስም ጥሩ ነገር ነው፣ አይዝግም፣ ግን የሚጠገንበትን ሬዚንና ጨርቅ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብን፣ ሲጠገንም የተሰበረው ቦታ ደረቅ ካልሆነ አይይዝም። የሐይቅ ዳር ድንጋይ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ክብደቷን ላስላላችሁ። አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በ2 ሚሊ 15.7 ኪሎ ነው፣ በ1.5 ሚሊ ወደ 11.8። ሆዷን በ2 ሚሊ፣ ጎኗን በ1.5 ብንሠራት ከነቱቦላሬው (ማጠናከሪያ የብረት ቱቦው) 170 ኪሎ ገደማ ትመጣለች። ሆዷ ውሃ ላይ የሚያርፈው አራት ካሬ ከግማሽ ያህል ነው። ይሄ ማለት 45 ኪሎ በተጫነ ቁጥር አንድ ሳንቲም ትጠልቃለች ማለት ነው። ራሷን 170፣ ሁለት ሰው 130፣ የራሰ መረብ 50፣ ዓሣ 100 በሉት፣ ድምሩ 450 ኪሎ። 10 ሳንቲም ጠለቀች። ጎኗ 50 ሳንቲም ከሆነ 40ው ከውሃ በላይ ይቀራል። ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጠፍጣፋ ሆድ በረጋ ውሃ ላይ እንደ ወለል ነው፣ ማዕበል ሲመጣ ግን ከማዕበሉ ጋር አብሮ ያዘነብላል። መድኃኒቱ ጎኗን ቀጥ አድርጎ አለማቆም ነው። ከታች 1 ሜትር፣ ከላይ 1 ሜትር ከ30 አድርገን ወደ ውጭ እንክፈታት። ሰው ሲደገፍባት የተከፈተው ጎን ውሃው ላይ ያርፍና መልሶ ይገፋል። ሐጂ የጠየቁት «ሁለታችንን ትቻለን» የሚለው እዚህ ነው ያለው።

መረብ ጣይ (ሐይቅ)

አላህ እጅህን ይባርከው፣ አሁን ገባኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እንጨት ቢገለበጥ ይንሳፈፋል፣ ሰው ይዞት ይቆያል። የጣና ደንገል ታንኳም ቢሆን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል እንጂ ባንዴ አይሰምጥም። ብረት ውሃ ከገባው ቀጥታ ነው የሚወርደው። ሐይቃችን ደግሞ ጥልቅ ነው። እኛ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሁሌ ዳር አንደርስም።

ብየዳ ሠሪ (ኮምቦልቻ)

ሐጂ ይሄን ስላነሱ እግዜር ይስጥልን። 170 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ 150 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን በደንብ ከተከደነ ወደ 20 ኪሎ ያነሳል። ስምንቱ ጀልባዋን ብቻዋን ለጥቂት ይይዛሉ፣ ሰው እንዲይዛት ደግሞ 10 እናድርገው። አምስቱ ከፊት፣ አምስቱ ከኋላ፣ በቱቦላሬ ፍርግርግ ውስጥ ታስረው፣ እንዳይወጡ። ዙሪያውን በላሜራ አሽጌ የአየር ሳጥን መሥራትም እችላለሁ፣ ግን ውስጡ ቢዝግ ማን ያያል? ጀሪካኑን በየወሩ ነቅንቆ ውሃ መግባቱን መስማት ይቻላል።

የሚስማሩም ነገር አይርሳ። ውስጡን በሙሉ በፍሌክሲብል (በመሞረጃው ማሽን) እሞርደዋለሁ፣ ጠርዟን ዙሪያውን በክብ ቧንቧ እሸፍናታለሁ። መረቡ ይንሸራተታል፣ የሰው ደረትም አይጎዳም። ከሆዷ በታች ሁለት ቧንቧ በርዝመቷ እበይዳለሁ፣ ዳር ስትጎተት ድንጋዩን የሚነካው ቧንቧው ነው እንጂ ሆዷ አይደለም፣ ስትቀዘፍም ቀጥ ብላ እንድትሄድ ያግዛታል። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀባል።

አባል (ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ማዶ)

እሺ፣ አሉሚኒየሙን ትቼዋለሁ። የትከሻውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ግን ብረት ድምፅ አለው፣ መቅዘፊያ በነካው ቁጥር ይጮኻል፣ ዓሣውም ይሸሻል። እግር የሚረግጥበት ላይ የመኪና ጎማ ንጣፍ ይግባልን። አያንሸራትትምም።

ሂሳብ ያዥ (ደሴ)

የንጣፉን ጽፌዋለሁ። አሁን እኔን የሚያሳስበኝን ልናገር፣ እባካችሁ በደንብ አንብቡልኝ።

ሰፊ ጀልባ ስናገኝ «ብዙ መረብ ትችላለች» የሚል ሰው ይመጣል። ሐይቃችን ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት የለውም፣ ያለው ያው ነው። ቆሮሶው ራሱ በ1970ዎቹ ሰው አምጥቶ የጨመረበት ነው። ሰው እንዳመጣው ሰው ሊጨርሰው ይችላል። ልጆቻችንም ከዚሁ ውሃ እንዲበሉ ከፈለግን ፕሮፖዛሉ ውስጥ የመረባችን ቁጥር በጀልባዋ ምክንያት እንደማይጨምር፣ ዓይኑ ጠባብ መረብም እንደማንጠቀም ይጻፍ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዝዛል፣ ስለዚህ የአጥማጆቻችንን ፈቃድ ኮፒ ከፕሮፖዛሉ ጋር እናያይዝ። ወረዳው ሳይጠይቀን እኛ ብንቀድም ይሻላል።

ላይፍ ጃኬትም ይጨመር። ለሁለት ሰው ሦስት፣ አንዱ ትርፍ። ይሄን ከሂሳቡ ቀንሱ የሚል ካለ እኔ አልፈርምም።

መረብ ጣይ (ሐይቅ)

ልጄ ተባረኪ። የመረቡን ነገር እኔም እፈርማለሁ። ትንንሹን ቆሮሶ በቅርጫት ሞልቶ ሲወጣ ሳይ ሆዴ ይባባል፣ አንድ ዓመት ቢተዉት እኮ ቤተሰብ ያበላል።

ጸሐፊ (ደሴ)

የኔን 6 ሜትርና 15 ፈረስ ሰርዣለሁ፣ ይሄኛው በብዙ ይበልጣል። አሁን የደረስንበትን ለፕሮፖዛሉ በሚሆን ቋንቋ ጻፍኩት፣ ተመልከቱት፦

«ማኅበሩ የሚያሠራው ጀልባ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ ከታች 1 ሜትር ከላይ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም፣ ቁመቱ 50 ሳንቲም፣ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ወደ ውጭ የተከፈተ፣ ሆዱ ባለ 2 ሚሊ ጎኑ ባለ 1.5 ሚሊ የብረት ላሜራ ይሆናል። የውስጥ ብየዳው በሙሉ የተሞረደ፣ ጠርዙ በክብ ቧንቧ የተሸፈነ፣ ከፊትና ከኋላ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በፍርግርግ የታሰረበት ይሆናል። ወደፊት ሞተር እንዲይዝ የኋላው ግድግዳ ቀጥ ብሎ በእንጨት ይጠናከራል። አራት መቅዘፊያና ሦስት ላይፍ ጃኬት አብሮ ይገዛል። የማኅበሩ የመረብ ቁጥር አሁን ካለው አይጨምርም።»

ለሠራተኛው ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ እንሰበስባለን። ወንድማችን ብየዳ ሠሪው የማኅበሩ አባል ስለሆነ ዋጋ ካቀረበ ምርጫው ላይ እሱ አይቀመጥም፣ ይሄ ለሱም ክብር ነው።

ብየዳ ሠሪ (ኮምቦልቻ)

ተስማምቻለሁ፣ እንደውም እኔ ዋጋ ባላቀርብ ይሻለኛል። ማንም ይሥራው፣ ብየዳውን ለማየት ግን በነፃ እቆማለሁ። ረቂቁ ላይ አንድ ነገር ቀርቷል፣ የኋላው ግድግዳ። አጭር እግር ያለው ትንሽ ሞተር 38 ሳንቲም ከፍታ ነው የሚፈልገው፣ ቁመቷ ግን 50 ነው። ሞተር የሚቀመጥበትን መሐል ላይ 38 ድረስ ዝቅ ማድረግ አለብን፣ አለዚያ ስንገዛው ፕሮፔለሩ ውሃውን በደንብ አይደርስበትም። ማዕበል በዚያ በኩል እንዳይገባ እስከዚያው በእንጨት ይደፈናል።

ሂሳብ ያዥ (ደሴ)

ይጨመር። ከመፈረማችን በፊት ግን ሐጂ ካሉበት ሆነን ስፋቱን በዓይናችን እንየው። ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ መናኸሪያ ለምንነሳው ሁለት ቦታ አለኝ። ሐጂ፣ 5 ሜትር በ1 ከ30 መሬት ላይ በገመድ እናስምርና እርስዎና ልጅዎ መረብ ይዛችሁ ውስጡ ትቆማላችሁ።

መረብ ጣይ (ሐይቅ)

ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ከሥራ ስንመለስ ያገኘናችሁ እንደሆነ የራሰ መረብ ነው የምታነሱት። ገመዱን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ሜትር ይዛችሁ ኑ።