ፈጠራን ወደ መደበኛው ክፍለ ጊዜ ለማስገባት፦ የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ በቅርቡ ማለቅ አለበት። ርዕሱ ላይ ተስማምተናል፤ የተማሪዎችን የፈጠራ ችሎታ በክፍል ውስጥ ማበረታታት የሚለው ነው። የቀረው ጉባኤውን ምን እንደምንጠይቅ መወሰን ነው። ለመነሻ ያህል በየትምህርት ቤቱ የፈጠራ ክበብ ይቋቋም፣ ዓመታዊ ውድድር ከነሽልማቱ ይዘጋጅ፣ ለመምህራንም ሥልጠና ይሰጥ ብዬ ጽፌያለሁ። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት፣ ካስፈለገም እንደ አዲስ እንጀምረው።

የሂሳብ መምህሩ፦
አመሰግናለሁ እህቴ። ያልሽው ሁሉ መልካም ነው። ግን ክበቡም ውድድሩም ከክፍል ውጭ ነው የሚካሄደው። ክበብ የሚመዘገበው ቀድሞውንም ንቁ የሆነው ልጅ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰሌዳ የሚገለብጠው ልጅ ክበብ አይሄድም። እሱን የማገኘው በክፍለ ጊዜዬ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሳባችን እዚያች ክፍለ ጊዜ ላይ ያተኩር እላለሁ።

ምሳሌ ላምጣ። የተለመደው ጥያቄ «ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ሬክታንግል ስፋቱ ስንት ነው?» ይላል። ልጁ 6ን በ4 ያባዛል፣ 24 ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። እኔ ጥያቄውን እገለብጠዋለሁ። «ስፋቱ 24 ካሬ ሜትር የሆነ ቅርጽ ሥሩ። ስንት ዓይነት ታገኛላችሁ?» መጀመሪያ 6 በ4 ይመጣል። ከዚያ 8 በ3፣ 12 በ2፣ 24 በ1። ትንሽ ቆይቶ አንዷ «የግድ ሬክታንግል መሆን አለበት?» ትላለች። የለበትም። 6 በ5 የሆነ ሬክታንግል ትሥላለች፤ ከአንዱ ጥግ 3 በ2 ቆርጣ ታወጣለች። ከ30 ላይ 6 ተቀንሶ ስፋቱ 24 ሆነ። ዙሪያውን ስትደምረው 22 ይመጣል። ጥጉ ሳይቆረጥ በፊትም 22 ነበር! እዚህ ላይ ክፍሉ ይነቃል። ስፋቱ ቀንሶ ዙሪያው እንዴት ሳይቀንስ ቀረ? ይህን ጥያቄ እኔ አልሰጠኋቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያመጡት። ማባዛቱን፣ መደመሩንም ቢሆን ከአንድ ገጽ መልመጃ በላይ ሠርተውታል።

ጀማሪዋ መምህርት፦
ጋሼ፣ ይሄ በጣም ደስ ይላል። ግን እኔ ክፍት ጥያቄ ስጠይቅ ክፍሉ ጭጭ ይላል። ያው የተለመዱት ልጆች ብቻ እጃቸውን ያወጣሉ። ዝምታው ሲረዝም ደግሞ ሰዓቱ እያለቀ ስለሚመስለኝ ይጨንቀኛል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የሳይንስ መምህርቷ፦
አይዞሽ፣ ይህ የሁላችንም ነገር ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳተመችው ጥናት አለ። በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ የሚደረገውን ንግግር በቴፕ ቀድታ ሰዓት ያዘችበት። መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘችው። 1 ሰከንድ! ልጁ ጥያቄውን እንኳ በደንብ አልሰማም። ጥበቃው 3 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆቹ መልስ ረዘመ። «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ። ዝምተኛ የነበሩት መናገር ጀመሩ። «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚል ግምትም በዛ።

ብዙ ጊዜ የምንረሳው ግን ሁለተኛው ጥበቃ ነው። ልጁ ከመለሰ በኋላም መጠበቅ ያስፈልጋል። ወዲያው «ጎበዝ! ትክክል!» ስንል የሌሎቹ ሐሳብ እዚያው ይዘጋል። መልሱ ተገኘ ማለት ነዋ፣ ሌላው ለምን ይደክማል? እኔ ፊቴን ሳልቀይር «እሺ፣ ሌላስ?» እላለሁ። ይህ ሥልጠናም በጀትም አይጠይቅም። ከምንጠይቀው ሁሉ ቀድሞ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

የቋንቋ መምህሩ፦
እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምርበት። ከመናገራቸው በፊት ሁሉም ደብተሩ ላይ ለብቻው ይጻፍ። ፈጠራ ሲባል ቶሎ ብለን ልጆችን በቡድን እንሰበስባለን። ዲልና ስትሮብ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ሙከራ ግን አብረው ተቀምጠው ሐሳብ ካፈለቁት ይልቅ፣ ለየብቻ አስበው ሐሳባቸው በኋላ የተደመረላቸው ሰዎች ብዙ ሐሳብ አወጡ። ዋናው ምክንያት ተራ መጠበቁ ነው። አንዱ ሲያወራ ሌላው የራሱን መያዝም ማሰብም ያቅተዋል። ቡድን አይቅር፤ ሐሳቡን ለማነጻጸርና ለማሻሻል ያስፈልጋል። ግን መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከጎን ካለው ጓደኛ ጋር፣ ከዚያ ለሁሉም። ክፍሉ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ ይህ ይሠራል፤ ወንበር ማንቀሳቀስ የለም።

ዳይሬክተሩ፦
ሐሳባችሁ ደስ ይላል። ግን የኔን ወገን ደግሞ ስሙኝ። «ፈጠራ» ተብሎ መሠረታዊ ትምህርት የተዘለለበት ክፍል አይቻለሁ። ልጆች ሲቀቡና ሲቆርጡ ውለው ምን ተማራችሁ ሲባሉ መልስ የላቸውም። ጉባኤው ላይም መጀመሪያ የሚነሳው ይኸው ነው። መርሐ ትምህርቱስ መቼ ይሸፈን?

የሳይንስ መምህርቷ፦
ስጋትዎ ትክክል ነው። ባዶ እጅ ፈጠራ የለም። የማያውቀውን ነገር ማንም አያሻሽለውም። የኔ መልስ ግን ይዘቱን ሳንነካ አሠራሩን እንቀይር ነው።

የፔንዱለምን፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ዕቃን ሙከራ ይውሰዱ። በተለመደው አሠራር ተማሪው የተጻፈለትን መመሪያ ይከተላል። ክሩን ይህን ያህል አድርግ፣ አሥር ጊዜ ሲወዛወዝ ሰዓት ያዝ፣ ሠንጠረዡን ሙላ። ልጁ የሚያስበው ምንም ነገር የለም። እኔ መመሪያውን አስቀምጬ ክር፣ ጠጠሮችና ሰዓት እሰጣለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ውዝዋዜውን ምን ያዘገየዋል?» ዕቃውን ከመንካታቸው በፊት ግምታቸውንና እንዴት እንደሚፈትኑት በሦስት መስመር ይጽፋሉ። ያልጻፈ ቡድን ክር አያገኝም። ብዙዎቹ ክብደት ነው ይላሉ። ጠጠር ይጨምራሉ፤ ጊዜው አይለወጥም። ይጨቃጨቃሉ፣ ደግመው ይለካሉ፣ አሁንም ያው ነው። ከዚያ አንዱ ክሩን ያስረዝማል። ክሩ አራት እጥፍ ሲሆን የውዝዋዜው ጊዜ እጥፍ ብቻ እንደሚሆን ራሳቸው ሲደርሱበት የሚያሳዩትን ፊት ማየት ነው! የተማሩት ያንኑ ምዕራፍ ነው። አንዳች የተዘለለ ነገር የለም። አንድ ክፍለ ጊዜ ቢጨምር ነው፤ እሱንም በኋላ ድጋሚ ከማስረዳት እንድንበታለን።

የወላጆች ተወካይ፦
ስለ ክፍሉ የምታወሩት ገብቶኛል፤ ደስም ብሎኛል። ውድድሩና ሽልማቱ ግን ለምን ይቀራል? ልጆቻችን በሽልማት ይነቃቃሉ። ቤት ውስጥ እናየዋለን።

የቋንቋ መምህሩ፦
ለጊዜው ያነቃቃል፣ ልክ ነዎት። ሽልማቱ ሲቀር የሚሆነው ነው ችግሩ። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት አለ። መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባሉ። ሁለተኞቹ ሳይነገራቸው፣ ሥለው ሲጨርሱ ድንገት ተሸለሙ። ሦስተኞቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ታዩ። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ለመሣል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ልጁ ወዶ ያደርገው የነበረው ነገር የደመወዝ ሥራ ሆነበት ማለት ነው።

ስለዚህ ውድድሩ በዓውደ ርዕይ ይተካ። ማንም አንደኛ አይወጣም። ሥራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከጎኑም የመጀመሪያው ረቂቅ ይሰቀላል። ወላጅ መጥቶ ልጁን «ይህን ለምን ቀየርከው?» ብሎ ይጠይቀው። ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ ይህ ጥያቄ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው።

የወላጆች ተወካይ፦
ረቂቁ አብሮ መሰቀሉን ወድጄዋለሁ። ወላጆችም ምን ብለው እንደሚጠይቁ ያውቃሉ። እሺ፣ በዚህ እስማማለሁ።

ጀማሪዋ መምህርት፦
ስለ ማርክ አሰጣጡስ? ልጆቼ ድርሰት ስመልስላቸው ቀጥታ ቁጥሩን ነው የሚፈልጉት። የጻፍኩትን አስተያየት አያነቡትም። 8 ያገኘው ደብተሩን ይዘጋል፣ 4 ያገኘውም ይዘጋል።

የሂሳብ መምህሩ፦
ልጄ፣ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ ነው ያየው። አንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ሌላው አስተያየት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ተሰጠው። ሁለቱም የተሰጠው ይበልጣል ብለን እንጠብቃለን። የተሻለ ውጤትም ፍላጎትም የታየው ግን አስተያየት ብቻ በተሰጠው ቡድን ነው። ማርኩ አጠገቡ ሲቀመጥ የአስተያየቱ ጥቅም ጠፋ። የተሳሳተ ሁሉ ማርክ የሚያስቀንስ ከሆነ ልጁ ደህና የሚያውቃትን መንገድ ይዞ ይሄዳል። አዲስ ነገር መሞከር ማለት መሳሳት ማለት ነው፤ መሳሳት ደግሞ ዋጋ ያስከፍለዋል። ስለዚህ የምንጠይቀው ትልቁ ነገር ይህ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ቢያንስ አንድ ሥራ ያለ ማርክ ይሁን። አስተያየት ብቻ ይሰጥበት።

ዳይሬክተሩ፦
ተከታታይ ምዘና መሞላት አለበት ጋሼ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የማርክ መዝገቡን ነው። ባዶ ዓምድ ካየ መምህሩ አልሠራም ይላል። እኔም የማስረዳበት ወረቀት ያስፈልገኛል።

የሳይንስ መምህርቷ፦
እንግዲያው የመጀመሪያው ረቂቅ አስተያየት ብቻ ይሰጠው፤ የተሻሻለው ሥራ ማርክ ይያዝለት። ዓምዱም አይጎድልም፣ ልጁም ተሳስቶ የሚያርምበት ዕድል ያገኛል።

ዳይሬክተሩ፦
ይህ ያስኬዳል። ግን ማርክ የሚያዘው በምን መስፈርት ነው? «ፈጠራ አለው፣ የለውም» ብለን በስሜት ከሰጠን ነገ ቅሬታ ይመጣል።

የቋንቋ መምህሩ፦
ከዜሮ አንጀምርም። ፒዛ (PISA) የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና እ.ኤ.አ. በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ የ15 ዓመት ተማሪዎችን የፈጠራ አስተሳሰብ መዝኗል፤ 64 አገሮችና የኢኮኖሚ ግዛቶች ተሳትፈውበታል። የመዘነው ሦስት ነገር ነው። የተለያዩ ሐሳቦችን ማውጣት፣ ብዙዎች የማያስቡትን ሐሳብ ማምጣት፣ እንዲሁም የቀረበን ሐሳብ መርምሮ ማሻሻል። ሦስተኛውን በጣም ነው የምወደው፤ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ከሁሉም የተረሳው እሱ ነው። ድርሰት ይጻፋል፣ ይታረማል፣ ይረሳል። ልጁ ተመልሶ አይነካውም። መስፈርታችንን በእነዚህ ላይ እንመሥርተው፤ የትምህርቱ ይዘት ትክክለኛነት ይጨመርበት። ተማሪዎቹም ሥራውን ሳይጀምሩ መስፈርቱን ይወቁት።

የሳይንስ መምህርቷ፦
አንድ ከበድ ያለ ነገር ላንሳ፤ እንዳትከፉብኝ። ዌስትቢና ዶውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት መምህራንን ስለሚወዷቸው ተማሪዎች ጠይቀው ነበር። መምህራኑ ፈጣሪ ተማሪ ደስ ይለናል አሉ። ነገር ግን የሚወዱት ተማሪ ብለው የገለጹት ልጅ ጠባይ ከፈጣሪ ልጅ ጠባይ ጋር አልገጠመም። ዝም ብሎ የሚታዘዘው ነው የተወደደው። «ለምን?» እያለ የሚያቋርጠውን፣ የተሰጠውን ትቶ በራሱ መንገድ የሚሄደውን ልጅ ምን ብለን ነው የምንጠራው? ረባሽ። ሐሳባችን ውስጥ ስለ ክፍል ምልከታ አንድ አንቀጽ ይግባ። የሚያወራ ክፍል ሁሉ የተረበሸ ክፍል ተደርጎ አይመዝገብ። ታዛቢው የድምፁን መጠን ትቶ ልጆቹ ስለ ምን እንደሚያወሩ ይስማ።

ዳይሬክተሩ፦
በዚህ ላይ ከጎናችሁ ነኝ። የምልከታ ቅጹ ላይ «ተማሪዎች ጥያቄ አመንጭተዋል ወይ?» የሚል መስመር እንዲጨመር እኔ ራሴ ጉባኤው ላይ አቀርባለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
እንግዲህ የኔ የመጀመሪያ ረቂቅ በደህና እጅ ተቀይሯል። አሁን የደረስንበት ይህ ነው፤ አንብቡት።

«ማኅበሩ እያንዳንዱ መምህር በየምዕራፉ ቢያንስ አንድ ከአንድ በላይ መልስ ወይም መንገድ ያለው ጥያቄ እንዲያዘጋጅ፤ ተማሪዎች ከመናገራቸው በፊት ለብቻቸው የሚያስቡበትና የሚጽፉበት ጊዜ እንዲሰጥ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ያለ ማርክ በአስተያየት ብቻ እንዲመለስና ማርክ የሚያዘው ለተሻሻለው ሥራ እንዲሆን ይጠይቃል። የክፍል ምልከታ ቅጹ እንዲሻሻል፣ ዓመታዊው ውድድርም ረቂቆችን ጭምር በሚያሳይ ዓውደ ርዕይ እንዲተካ ሐሳብ ያቀርባል።»

የሂሳብ መምህሩ፦
ጥሩ ነው። «እያንዳንዱ መምህር እንዲያዘጋጅ» የሚለው ግን ያሳስበኛል። ሸክም ከሆነ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። አንድ ዓይነት ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን በጋራ ያዘጋጁት፣ ጥያቄዎቹም በአንድ ቦታ ይከማቹ። እኔ ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ።

ጀማሪዋ መምህርት፦
እኔ ደግሞ የሌሎችን ክፍል ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ። የጥበቃውን ነገር በጽሑፍ ብቻ አልለምደውም። ሥልጠና የሚለው ከቀረ ይህ በቦታው ቢገባስ?

ሰብሳቢዋ፦
ሁለቱም ገብተዋል። «በትምህርት ክፍሎች በጋራ ይዘጋጃል» ብዬ አስተካክዬዋለሁ፤ ሥልጠና የሚለውም «መምህራን አንዳቸው የሌላውን ክፍል የሚያዩበት ክፍለ ጊዜ ይመደብ» በሚል ተተክቷል። ጋሼ የሬክታንግሉን፣ የሳይንስ መምህርታችን የፔንዱለሙን ምሳሌ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ እስከ ረቡዕ ላኩልኝ፤ በአባሪነት ይያያዛሉ። የመስፈርቱን ሠንጠረዥ ከቋንቋ መምህሩ እጠብቃለሁ። ለወላጆች የሚላከውን ማብራሪያ ከተወካያቸው ጋር አብረን እንጽፈዋለን። ሐሙስ ማታ ሙሉውን እለጥፈዋለሁ፤ ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።